ስል መሮ በታክሲ እንዴት ይጓዛል? ለእንጨት ቶርኖ ትምህርት ከመሄዳችሁ በፊት

የእንጨት ቶርኖ ትምህርት ልትጀምሩ ነው እንበል። መምህሩ «ነገ የየራሳችሁን መሮ ስላችሁ ይዛችሁ ኑ» ብለዋችኋል። ሦስት መሮ አላችሁ፤ ሦስቱም የክንድ ፀጉር ይላጫሉ። ከቤት እስከ ወርክሾፑ ደግሞ ሁለት ታክሲ መያዝ አለባችሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት ነው የምትወስዷቸው? በፌስታል? ደብተር በምትይዙበት ቦርሳ? ወይስ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በብብት?

ነገሩ ተራ የዕቃ ማሸግ ጣጣ ይመስላል። ነገር ግን ታክሲው ውስጥ አጠገባችሁ ለሚቀመጠው ሰው ታፋ፣ ለራሳችሁም ጣት ተራ ጉዳይ አይደለም። መልሱን የሚሰጠን ደግሞ በ9ኛ ክፍል የምታውቁት ፊዚክስ ነው፦ ግፊት፣ ኢነርሺያ፣ ሰበቃ። ዛሬ እነዚህን ሦስቱን ይዘን ከዋዜማው ማታ እስከ ቶርኖው ድረስ አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ ግን ቶርኖውን እንተዋወቅ

የእንጨት ቶርኖ ሥራው ቀላል ነው። እንጨቱን በሁለት ጫፉ ወይም በአንድ ጎኑ ነክሶ ይይዝና በፍጥነት ያሽከረክረዋል። እናንተ ደግሞ መሮውን ከፊት ለፊቱ በተተከለ የብረት ድጋፍ ላይ አስደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ ታስጠጋላችሁ። በእጅ ስንቀርጽ መሮው ይንቀሳቀሳል፣ እንጨቱ ይቆማል። ቶርኖ ላይ ግን መሮው ይቆማል፣ እንጨቱ ይሮጣል። የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ሳህን፣ ሙቀጫ የመሳሰሉት ክብ ነገሮች በሙሉ እንዲህ ሊወጡ ይችላሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ግብፅ ውስጥ በሚገኘው የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ ምስል አለ። ሁለት ሰዎች ይታያሉ፤ አንዱ በገመድ ያሽከረክራል፣ ሌላው ስለቱን ይዞ ይቀርጻል። ዛሬ ገመዱን በሞተር ተካነው እንጂ ነገሩ ያው ነው።

«ስል» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ይቆርጥ ወይም አይቆርጥ እንደሆነ የሚወስነው የምትጫኑት ጉልበት ብቻ አይደለም። ጉልበቱ ያረፈበት ስፋትም ወሳኝ ነው። ግፊት ማለት ጉልበት ሲካፈል ለስፋት ነው፤ ስፋቱ ባነሰ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል።

በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ በ10 ኒውተን ገደማ ወደ ታች ይጫናል። ይህንን 10 ኒውተን ርዝመቱ 1 ሴንቲሜትር በሆነ የመሮ ስለት ላይ እናሳርፈው። በደንብ የተሳለ ስለት ጫፉ 1 ማይክሮሜትር ያህል ይወፍራል እንበል፤ ይኸውም ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ከ50 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ስፋቱ 0.01 ሜትር ሲባዛ በ0.000001 ሜትር ይሆናል። 10 ኒውተንን ለዚህ ብናካፍል 1 ቢሊዮን ፓስካል እናገኛለን። በዙሪያችን ያለው አየር ከሚጫነን ግፊት 10,000 እጥፍ ገደማ ማለት ነው! ከአንድ ጠርሙስ ውሃ!

ስለቱ ዶልዱሞ ጫፉ 20 ማይክሮሜትር ቢደርስ ደግሞ ግፊቱ በ20 እጥፍ ይወርዳል። «ታዲያ ደነዝ መሮ ይዤ ብሄድ አይሻልም?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይሻልም። ደነዝ መሮ እንጨቱን እንዲቆርጥላችሁ ብዙ እጥፍ መግፋት አለባችሁ። በሙሉ ጉልበት እየገፋችሁ ድንገት ካመለጣችሁ ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደሚሄድ አታውቁም። የዶለዶመ ስለትም ቢሆን እጅ ለመቁረጥ አያንስም። ስለዚህ መሮው ስል ይሁን፣ አያያዙ ደግሞ እንደ ስል ነገር ይሁን።

ከዚህ ስሌት ለጉዟችን የምንወስደው ቁም ነገር አለ። እጀታ ያለው አንድ ወፍራም የቶርኖ መሮ ክብደቱ ወደ 0.7 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ይህ ክብደት ብቻውን፣ ማንም ሳይጫነው፣ ጨርቅ ለመብሳት ይበቃዋል። በዚያ ላይ ታክሲው ሲንቀጠቀጥ መሮው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ማለትም ቦርሳችሁን በመጋዝ እንደመቁረጥ ነው። ጋዜጣና ፌስታልማ ጭራሽ አይነሱ።

ቦርሳው ሲቆም መሮው አይቆምም

ታክሲው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። እናንተም፣ ቦርሳውም፣ መሮውም በዚያው ፍጥነት እየሄዳችሁ ነው፤ በሴኮንድ 11 ሜትር። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። መኪናው ይቆማል፤ ያልታሰረ ነገር ግን ኢነርሺያ አለውና ጉዞውን ይቀጥላል።

11 ሜትር በሴኮንድ ስንት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር አስቡ። መሮው ይህን ፍጥነት በመውደቅ እንዲያገኝ ከ6 ሜትር ከፍታ መለቀቅ አለበት፤ ከሁለተኛ ፎቅ እንደ መወርወር ነው። ቀለበት መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትሄዱስ? ከፍታው 14 ሜትር ይሆናል፤ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣን። ፍጥነቱ የጨመረው በአንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው፤ ከፍታው ግን ከሁለት እጥፍ በላይ አደገ። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ነው። ይህን «ካሬ» አትርሱት፤ ቶርኖው ጋ ስንደርስ እንደገና ይመጣል።

ጥሩ አፎት ሦስት ሥራ አለው

ድሮ ጎራዴም ሆነ ጩቤ ያለ አፎት አይወጣም ነበር። መሮም እንደዚያው ነው። ግን «አፎት አለው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ አፎቱ እነዚህን ሦስት ሥራዎች መሥራት አለበት።

አንደኛ፣ ስለቱን ከሰው መለየት። ይኼ ግልጽ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለቱን ከሌላ ብረት መለየት። ሁለት መሮዎች አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲጋጩ ሁለቱም እኩል ጠንካራ ስለሆኑ ሁለቱም ይሸራረፋሉ። ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ የሳላችሁት ስለት አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ይበላሻል።

ሦስተኛ፣ ክብደቱ በስለቱ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ። ይኼ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። መሮውን ስለቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ኪስ ውስጥ ብትከቱት፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ሙሉው 0.7 ኪሎ የሚያርፈው በዚያች ቀጭን ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ የስለቱ ጫፍ ምንም ሳይነካ መንሳፈፍ አለበት፤ ክብደቱን እጀታው ወይም የብረቱ ጎን ይሸከም።

ቦርሳው ከእጃችሁ ቢወድቅስ? ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ 0.7 ኪሎ መሮ 7 ጁል ገደማ ኢነርጂ ይዞ መሬት ይደርሳል። በደረቅ ነገር ላይ በ2 ሚሊሜትር ውስጥ ከቆመ አማካይ ጉልበቱ 3,500 ኒውተን ይሆናል። ጫፉ ላይ 2 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ካለና እስከ መጨረሻው እየተጨመቀ ካቆመው ግን ወደ 350 ኒውተን ይወርዳል። ማቆሚያው ርቀት በ10 ሲያድግ ጉልበቱ በ10 ይቀንሳል። የመኪና ፍራሽም፣ የእግር ኳስ በረኛ ኳሷን ወደ ደረቱ እየሳበ መያዙም ምክንያቱ ይኸው ነው።

በቤት ባለ ዕቃ እንሥራው

ውድ ቦርሳ አያስፈልግም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ከመሮው የብረት ክፍል ትንሽ ጠበብ የሚል የውሃ ጎማ ፈልጉ። በአንድ ጣት ርዝመት ከስለቱ እንዲበልጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ለሰፊና ጠፍጣፋ መሮ ጎማውን በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ስለቱ ላይ አልብሱትና በላስቲክ እሰሩት።

2. ጎማውን ስታለብሱ እጃችሁ ከስለቱ ኋላ ይሁን። ጎማውን ወደ ስለቱ በጣት አትግፉ፤ መሮውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ከጎን አስገቡት።

3. የጎማውን ጫፍ በቁራጭ ስፖንጅ ወይም በቡሽ ድፈኑት። ስለቱ ድፍኑን እንዳይነካ ክፍተት ተዉ።

4. ወፍራም ሸራ ላይ ለእያንዳንዱ መሮ የየራሱ ኪስ ስፉ። እጀታዎቹ ወደ ታች፣ የተሸፈነው ስለት ወደ ላይ ይሁን። የሸራውን ጫፍ በላያቸው ላይ አጥፋችሁ ጠቅልሉና በገመድ እሰሩ።

5. አሁን ፈትኑት። ጥቅሉን ገልብጡት፣ አራግፉት። የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ እንደገና እሰሩ። ቤት ውስጥ የማይወድቅ ነገር ታክሲ ውስጥም አይወድቅም።

ሸራ መስፋት የማይሆንላችሁ ከሆነ ወፍራም የፒቪሲ ቧንቧም ይሆናል፤ በሁለቱም ጫፍ ክዳን ያለው፣ አንድ ቧንቧ ለአንድ መሮ።

ስለ ቆዳ አንድ ነገር ልጨምር። የቆዳ አፎት ለጉዞ ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጫ ግን መጥፎ ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ከማልፋት የተረፈ አሲድና ጨውም ሊኖረው ይችላል። ለወራት ቢተውበት ብረቱ ይዝጋል። ስትደርሱ አውጡት፣ ጠርጉት፣ ስስ ዘይት ቀቡት።

መንገድ ላይ

የመሮ ጥቅል ኪስ ውስጥ ወይም ወገብ ላይ ተሰክቶ አይኬድም። ታፋችን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ ስትቀመጡ ደግሞ ኪሳችሁ የሚታጠፈው እዚያው ጋ ነው። ታክሲ ላይ ጥቅሉን ጭናችሁ ላይ ሳይሆን እግራችሁ ሥር፣ ከመቀመጫው ጋር አስደግፋችሁ አስቀምጡት። ወደፊት ቢንሸራተት የሚያገኘው ወንበር እንጂ ሰው አይሁን። የራሳችሁ መኪና ካለ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ታስሮ ይቀመጥ።

ፍተሻ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ፈታሹ እጁን ቦርሳ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ተናገሩ። «ውስጡ ስል መሮ አለ፣ ለትምህርት ነው» በሉ፤ ከዚያ ራሳችሁ ክፈቱላቸው። ይኼ ከጥርጣሬም፣ ከመቆረጥም ያድናል። የተማሪ መታወቂያ ወይም የምዝገባ ወረቀት አብሮ ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነው። በአውሮፕላን ከሆነ ስል መሮ ከእናንተ ጋር ወደ ውስጥ አይገባም፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣውን የሚከፍተውን ሠራተኛ እንዳይቆርጥ ተሸፍኖ መሄድ አለበት። ብሪታንያ የምትኖሩ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ አደባባይ መውጣት በሕግ እንደሚያስጠይቅ እወቁ። ወደ ትምህርት ስትሄዱ ያዙት፣ ስትጨርሱ ቀጥታ ወደ ቤት መልሱት።

በዋዜማው፦ መሳልና ሙቀት

መሮ የሚሳለው ከጉዞው በፊት ነው። የሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን መሮአችሁ ከምን ዓይነት ብረት እንደተሠራ እወቁ። የድሮ ካርቦን ስቲል መሮ ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ነው። ድንጋዩ ላይ ተጭናችሁ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ክፍል ለስልሷል፣ ስለቱንም አይዝም። ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ ሳሉ።

ዛሬ የሚሸጡ አብዛኞቹ የቶርኖ መሮዎች ግን ከኤችኤስኤስ የተሠሩ ናቸው። እንደ ተንግስተንና ሞሊብደነም ያሉ ንጥረ ነገሮች ስለተቀላቀሉበት ከ500 ዲግሪ በላይም ጥንካሬውን አይለቅም። የዚህ ብረት መነሻ የሆነውን የአሠራር ዘዴ ፍሬድሪክ ቴይለርና ማውንሰል ዋይት እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሲያሳዩ፣ ጫፉ በሙቀት ቀልቶ እያለ ብረት መቁረጡን ተመልካቹ በዓይኑ አይቷል።

ነጠላ፣ ማተብ እና ሦስት ዙር

አሁን ወርክሾፑ ደረስን። መሮው በሰላም ገባ። ቀጣዩ አደጋ ግን ስለት የለውም፤ ክር ነው።

ይህንን ቤት ሞክሩት። ውሃ በሞላ ጠርሙስ አንገት ላይ ገመድ እሰሩ። ገመዱን በማይንቀሳቀስ የመጥረጊያ እንጨት ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሙና ሌላኛውን ጫፍ በሁለት ጣት ብቻ ያዙ። ጠርሙሱ አይወርድም! ጣታችሁ የያዘው ትንሽ ነው፤ ቀሪውን የያዘው ሰበቃ ነው። ይህ ጥቅም የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። የሰበቃው መጠን 0.3 ከሆነ አንድ ዙር ጉልበቱን ወደ 6.6 እጥፍ ያደርሰዋል፣ ሁለት ዙር 43 እጥፍ፣ ሦስት ዙር 285 እጥፍ። መርከብን ወደብ ላይ በገመድ የሚያስሩትም በዚሁ ነው።

አሁን እንጨቱ ይሽከርከር። ቶርኖው በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ሦስቱን ዙር በ0.18 ሴኮንድ ይጨርሳል። የሰው ልጅ አንድ ነገር አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ ቢያንስ 0.2 ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። ልብ በሉ፦ የነጠላችሁ ጫፍ እንጨቱን ከነካ፣ «ወይኔ!» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ዙር ተጠምጥሟል፤ አንድ ኒውተን የነበረው ይዞታ ወደ 285 ኒውተን አድጓል። መሳብ አይቻልም። ጎበዝ መሆንም አያድንም፤ ጊዜው የለም።

ስለዚህ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሻርፕ፣ ገመድ ያለው ሹራብ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ቤት ይቅር። ማተብና ሐብል ከልብስ ሥር ይግባ፤ የሚንጠለጠል ከሆነ ደግሞ ይጠር። ረጅም ፀጉር ከኋላ ይታሰርና በኮፍያ ይሸፈን። እጅጌ እስከ ክርን ይጠቅለል፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። ጓንትም አይደረግም፤ ጓንት ከተያዘ እጅ አብሮ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ቁጥሮች

ፍጥነት። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሳህን በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በ1,500 ዙር ደግሞ 85 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቱ 2.5 እጥፍ፣ ኢነርጂው ግን (ያቺ ካሬ መጣች!) ከ6 እጥፍ በላይ ነው። በሙያው የተለመደ መነሻ አለ፦ የእንጨቱ ስፋት በሴንቲሜትር ሲባዛ በደቂቃ ዙር ከ15,000 እስከ 23,000 መካከል ይሁን። ለ30 ሴንቲሜትር ሳህን ከ500 እስከ 760 ዙር ይሆናል። እንጨቱ ገና ካልተስተካከለ ከዚያም በታች ጀምሩ። ስትከፍቱት ደግሞ ከሳህኑ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቁሙ።

ርቀት። ድጋፉ ምሰሶ፣ መሮው ማንሻ ነው። ስለቱ ከድጋፉ 5 ሴንቲሜትር ወጥቶ እጃችሁ 30 ሴንቲሜትር ኋላ ከሆነ፣ እንጨቱ በሚመታው ጉልበት አንድ ስድስተኛ ብቻ ትታገላላችሁ። 15 ሴንቲሜትር ከወጣ ግማሹ እጃችሁ ላይ ይመጣል። ድጋፉን አስጠጉ፤ ስታስጠጉ ደግሞ ቶርኖው ይቁም።

ብናኝ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ መድቦታል። ማስክ አድርጉ። ከመነጽሩ በላይም ሙሉ የፊት መከላከያ ይኑር፤ በተለይ ሳህን ስትሠሩ።

ቢወድቅ፣ ቢቆርጥ

መሮ ከጠረጴዛ ሲወድቅ አትያዙት። ከ1 ሜትር ለመውደቅ 0.45 ሴኮንድ ይፈጃል። እናንተ ለመንቃት 0.2 ብታጠፉ 0.25 ይቀራችኋል፤ እጅን ወደ ስለቱ ለመላክ ይበቃል፣ እጀታውን ለይቶ ለመያዝ ግን አይበቃም። እጅ ወደ ላይ፣ እግር ወደ ኋላ፣ በቃ። ለዚህም ሲባል ሽፍን ጫማ ይደረጋል፤ ሸበጥ አይሆንም።

ቢቆርጣችሁ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ለመምህሩ ንገሩ። ደሙ ቶሎ ካልቆመ፣ ወይም ጣት ከደነዘዘና አልታጠፍ ካለ ወደ ጤና ተቋም ነው። የተሰካ ነገር ካለ ራሳችሁ አትንቀሉት፤ የደም ሥሩን የደፈነው እሱ ሊሆን ይችላል።

ማታ የምታዩት ዝርዝር ይኸውላችሁ፦ መሮዎች ተስለዋል፤ እያንዳንዱ በየጎማው ነው፤ ጫፍ ምንም አይነካም፤ ጥቅሉ ተገልብጦ ተፈትኗል፤ መነጽርና ማስክ ገብተዋል፤ መታወቂያ አለ፤ ነጠላው ቤት ቀርቷል። ጠዋት ደግሞ ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ። የቸኮለ ሰው ታክሲ ላይ ቦርሳውን ይወረውራል።